ስንቅ አቀባይ የሆንኩበት እሑድ

ባለፈው ሐምሌ ልጄ ሳሎን ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን የብስክሌት ውድድር ያያል። መንገድ ዳር የቆመች ሴት የስንቅ ቦርሳ በአንድ እጇ አንጠልጥላ ዘረጋች፤ ተወዳዳሪው ሳይቆም ነጥቋት አለፈ። ሳቄ አመለጠኝ።

«ማሚ፣ ምን ያስቅሻል?»

«እኔም ይህን ሥራ ሠርቻለሁ» አልኩት። አላመነኝም።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ ዳንኤል ጋር ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ፣ ቴሜስካል የሚባል ሰፈር ውስጥ እንኖር ነበር። ወላጆቻችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። አዲስ አበባ ሳለ ብስክሌት ይወዳደር ነበር፤ እዚህም ግማሽ ቀን ፓርኪንግ እየሠራ ግማሹን ቀን ይለማመዳል። በዚያ ዓመት አንድ ትንሽ የፕሮፌሽናል ቡድን ለአንድ የውድድር ወቅት አስፈረመው።

ኮረብታዎቹ አረንጓዴ ሳሉ የጀመረው ውድድር ሣሩ ሁሉ ቢጫ ሆኖ እስኪደርቅ ቀጠለ። በአሮጌ መኪናችን በየሳምንቱ ተከተልኩት። ጋሼ አንድም ቀን ቀዳሚ አልሆነም። ጓደኞቹን ከነፋስ ሲከልል፣ ውሃ ሲያመላልስላቸው ነበር የሚውለው።

የመጨረሻው ውድድር ሳን ሆዜ አጠገብ እሑድ ቀን ሆነ፤ አንዱን ዳገት ደጋግሞ የሚዞር። አሠልጣኙ ጋሼን «ዛሬ ለራስህ ንዳ። ከመጀመሪያዎቹ አሥር አንዱ ከሆንክ ለሚመጣው ዓመትም አስፈርምሃለሁ» አለው። ካልሆነ ሙሉ ቀን ፓርኪንግ ነው። ሠላሳ ሊሞላው ነበርና ሌላ ቡድን አይጠይቀውም።

ቅዳሴ መቅረቱ ስለከበደኝ የንስሐ አባቴን አስቀድሜ ጠይቄያቸው ነበር። «የተጠማ ለማጠጣት ከሆነ ሂጂ» አሉኝ እየሳቁ፤ «እኔም ጉልበት ቢኖረኝ እከተልሽ ነበር።»

ሁልጊዜ ስንቅ የምታቀብለው የአሠልጣኙ ሚስት ታማ ቀረች፤ ቦርሳው ለእኔ ተሰጠ። ሙዝና የውሃ ኮዳ ይዟል። ዳገቱ ወገብ ላይ ቆምኩ። አስፋልቱ በሙቀት ይሸታል። ከዚያ የሰንሰለቱና የጎማው ድምፅ እንደሚመጣ ዝናብ ቀረበ። ጋሼ እጁን ዘረጋ። እኔም ለታላቅ እንደሚሰጠው ሁሉ ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ አቀረብኩለት።

ያዘው፤ እኔም አልለቀቅኩም። ብስክሌቱ ተንገዳገደ፤ ቦርሳው ማንገቻው ተበጥሶ ቁልቁል ተንከባለለ፤ ኮዳው ፈነዳ።

«አልሚ! ቄስ መሰልኩሽ እንዴ?» ብሎ በቁልምጫ ስሜ እየጮኸብኝ አለፈ።

አሠልጣኙም ከመኪናው ሆኖ «አንድ እጅ! አንድ እጅ!» ይለኛል።

ጋሼ ያን ዙር በባዶ ሆዱ ሊዞር ነው። ለራሴ ምሳ የያዝኩትን በማር የታሸ በሶና የውሃ ኮዳዬን በሻሼ ቋጠርኩ። «ጌታ ሆይ፣ እጄን አስለቅቀኝ» አልኩ።

ተወዳዳሪዎቹ ዞረው ሲመለሱ ተበታትነው ነበር። ጋሼ ከፊተኞቹ ጋር አለ፤ ከንፈሩ ግን ነጭ ሆኗል። ቋጠሮውን በአንድ ጣቴ አንጠልጥዬ ከጎኑ ሮጥኩ። ነጠቀኝ! ጣቴ ባዶዋን ስትቀር ብቻዬን እንደ ልጅ ጨፈርኩ።

ውድድሩ የሚያልቅበት ቦታ ሮጬ ደርሼ ቆጠርኩ። ስምንት፣ ዘጠኝ... ከዚያ ሦስት ሆነው ተጣብቀው መጡ፤ አንዱ ጋሼ ነው። ዳኞቹ ተነጋግረው እስኪጨርሱ የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠራሁ። በድምፅ ማጉያው አሥረኛ ተብሎ የተጠራው የእሱ ቁጥር ነበር! እልል አልኩ። ሰው የሞተ መስሏቸው ፈረንጆቹ ሁሉ ዞሩ።

ጋሼ ላቡ በላዩ ደርቆ ጨው ለብሶ መጣ። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት፣ ከኋላ ኪሱ የተረፈውን በሶ አውጥቶ አጎረሰኝ።

«ምሳሽ መሆኑ ጠፍቶኝ መሰለሽ?» አለኝ።

ሁለት ዓመት ጨምሮ ተወዳደረ።

ልጄ ይህን ሁሉ ሰምቶ «አሥረኛ ብቻ?» አለ። ከእግዚአብሔር ብዙ ተቀብያለሁ፤ የመኖሪያ ወረቀት፣ ትዳር፣ ልጆች። ለሁሉም ቆይቼ፣ አንገቴን ደፍቼ ነው ያመሰገንኩት። ሰው ፊት፣ ሳላፍር፣ በሙሉ ጉሮሮዬ ያመሰገንኩት ለዚያ አሥረኛ ብቻ ነው።