ፓስተሩ በራሱ ላይ ያስጸለየበት ገና

የወጣቶቹ ፓስተር አንድ በሽታ ነበረበት፤ «አልችልም» ማለት አይሆንለትም። ጊታሩ የተሰበረበት፣ ከእናቱ የተጣላ፣ ፈተና የወደቀች፣ ፍቅር የያዘው፣ ፍቅር የለቀቀው፣ ሁሉም ወደ እሱ ነው። «ና ልጄ፣ ቁጭ በል» ይላል፤ ቁጭ ያለ ደግሞ ቶሎ አይነሳም። ገና ሲቃረብማ ባሰበት። ድራማው አለ፣ የመዝሙሩ ልምምድ አለ፣ አዳራሹን ማስዋቡ አለ፣ በዚያ ላይ ሆስፒታል ለተኙ ሕሙማን ሊዘምሩ ነው። መሰላል ላይ ወጥቶ የወረቀት ኮከብ እየለጠፈ፣ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሃል አጣብቆ የተጣሉ እጮኛሞችን ሲያስታርቅ ያየው ሰው አለ።

ቢሮው ከአዳራሹ ጀርባ፣ ደረጃ ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣ ገመዱ የተቀጠለ ማይክራፎን፣ ግድግዳው ላይ ከካርቶንና ከልብስ ማንጠልጠያ ሽቦ የተሠሩ ስድስት የመላእክት ክንፎች። ምክር ፍለጋ የገባ ሁሉ ክንፍ ገፋ አድርጎ ነው የሚቀመጠው።

ቤት ደግሞ ሚስቱ፣ የአሥራ አራት ዓመት ሴት ልጁና ማሙሽ የሚሉት ትንሹ ልጁ አሉ። የእሱ ምግብ ሁልጊዜ በሌላ ሳህን ተከድኖ ይጠብቀዋል። ሚስቱ ነርስ ናት፤ ትዕግሥቷ ብዙ ነው፣ ሲያልቅ ግን ይታወቃል። ያን ጊዜ ባሏን ማቆላመጥ ትተወውና «ፓስተር» ትለዋለች። በዚያ ሰሞን «ፓስተር» በዝቶ ነበር።

ነገሩ የከፋው ግን ለትልቋ ልጅ ነው። ያን ዓመት ከልጆች ክፍል ወጥታ ወጣቶች ኅብረት ገባች። እናቷ «እንግዲህ አባትሽን በሳምንት ሁለት ቀን ልታገኚው ነው» ብላ ቀልዳባት ነበር፤ ልጅቱ የምሯን ተስፋ አደረገች። ገብታ ስታየው ግን አባቷ የሰማንያ ልጆች አባት ሆኖ አገኘችው። የድራም መቺውን የፈተና ውጤት ያውቃል፣ የዘማሪዋን ድመት ስም ያውቃል። የራሱ ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ሲጠየቅ ግን ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ከልምምድ በኋላ ልታነጋግረው ስትጠጋ «አንቺማ የቤት ነሽ፣ እንግዶቹን ላስቀድም» ይላታል። ቤት ሲመጣ ደግሞ እሷ ተኝታለች።

ኅብረቱ አንድ ልማድ አለው። በሩ አጠገብ ከጫማ ካርቶን የተሠራ ሳጥን ተቀምጧል፤ ማንም ስሙን ሳይጽፍ የጸሎት ርእሱን በወረቀት ይከታል። ቅዳሜ ጠዋት ፓስተሩ አንድ በአንድ እያነበበ ሁሉም አብረው ይጸልያሉ። ስም አይጻፍ እንጂ ፓስተሩ የእጅ ጽሑፋቸውን ለይቶ ያውቃል። የድራም መቺው ፊደል ሁሉ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ዘማሪዋ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ካልሆነ አትጽፍም። አውቆ እንዳላወቀ ይሆናል፤ በዚህም በልቡ ትንሽ ይኮራል።

ለገና ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ከደብተር የተቀደደች ወረቀት ከሳጥኑ አወጣ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበባት፦ «አባቴ ለሰው ሁሉ ጊዜ አለው፤ ለእኔ የለውም። የምነግረው ነገር አለኝ። ለገና አንድ ቀን ቤት እንዲውልልኝ ጸልዩልኝ።»

ጽሑፉን ቀረብ አድርጎ አየው፣ አራቅ አድርጎ አየው። አላወቀውም። አዲስ ልጅ መሆን አለባት አለ በልቡ፤ ወዲያው ደሙ ፈላ።

«ስሙኝማ!» አለ። «ይሄ ምን ዓይነት አባት ነው? ልጁ በወረቀት እስክትማጸን ድረስ የት ሄዶ ነው? ሥራ በዛብኝ ይል ይሆናል። የምን ሥራ! ወልዶ ዞር ማለት ነው እንዴ አባትነት?»

ሦስተኛው ረድፍ ላይ ልጁ አንገቷን ቀብራ ጫማዋን ታያለች። አጠገቧ ያለችው ዘማሪ አፏን በእጇ ይዛለች። ልጅቱ ወረቀቷን ስትከት ግማሹ ወጣት አይቷታል፤ የቀረው ግማሽ ደግሞ ከፊቷ አነበበው። እዚያ ካለው ሰው ሁሉ ነገሩ ያልገባው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ማይክራፎን ይዟል። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የኛ ሰው ሁለቱም አንድ ላይ ደርሰውበታል።

«ይህን አባት እኔ ራሴ ቤቱ ድረስ ሄጄ አነጋግረዋለሁ!» አለ። «አሁን ተነሱ፣ እንጸልይ። ጌታ ሆይ፣ ይህን ልበ ደንዳና ሰው አንተው ያዝልን!»

«አሜን!» አሉ ሰማንያዎቹ። እንደዚያን ቀን ከልባቸው አሜን ብለው አያውቁም። ድራም መቺው ጭራሽ አንድ ጊዜ ደለቀላት።

ፓስተሩ ወረቀቷን መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አድርጎ ለምሳ ቤት ገባ። ልጅቱ ከዘማሪዋ ጋር ቀርታለች። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ለሚስቱ ይተርክላት ጀመር።

«ዛሬ ያጋጠመኝን ብነግርሽ አታምኚኝም። አንድ ጨካኝ አባት አለልሽ…»

ሚስቱ ወረቀቷን ተቀብላ አነበበች። «ታዲያ ምን አደረግህ?» አለችው።

«አስጸለይኩበታ!»

«በማን ላይ?»

«በአባትየው ላይ ነዋ! ቤቱን አፈላልጌ እሄዳለሁ ብዬም ቃል ገብቻለሁ።»

«አይ፣ አትድከም» አለችው። «ደርሰሃል።»

ከዚያ የልጅቱን ደብተር ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ከወረቀቷ ጎን ዘረጋችው። «ይኸው፣ ፓስተር።»

ያው ጽሑፍ ነው። ፓስተሩ ቀስ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። የሰማንያ ልጆች ጽሑፍ ያውቃል፤ የልጁን አያውቅም። ለካ ደብተሩ ላይ በየወሩ የወላጅ ፊርማ የምትፈርመው እናቷ ብቻ ናት። ዶሮ ጭራ ጭራ ታወጣለች ካራ ማለት ይህ ነው። አፈረ፣ በጣም አፈረ፣ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ልጆቹ አውቀዋል እንዴ?» አለ በስተመጨረሻ።

«የዘማሪዋ እናት ካንተ ቀድማ ደውላልኛለች።»

«ለዚህ ነው ለካ አሜኑ እንደዚያ የጮኸው!»

ሚስቱ እስካሁን በግድ የያዘችው ሳቅ አመለጣት። እሱም ሳቀ፤ ግን እየሳቀ ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ማገላበጡን አልተወም። ስምንተኛ ክፍል ናት።

ከሰዓት በኋላ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ሰብሳቢ ደወለ። «ጋሼ፣ የገና ዕለት አልችልም።»

ሰብሳቢው ደነገጡ። «ምነው፣ አመመህ?»

«አይደለም፤ አንድ ቤተሰብ ልጠይቅ ቃል ገብቼ ነው።»

«የማንን ቤተሰብ?»

«የራሴን።»

«ድራማውንስ ማን ይመራዋል?»

«ድራም መቺው።»

«እንግዲህ እግዚአብሔር ይርዳን» ብለው ዘጉት።

የገና ዕለት ስልኩን አጥፍቶ ለሚስቱ አስረከበ። ቤት መዋል እንዲህ ከባድ መሆኑን ግን አላወቀም ነበር። አንድ ብርጭቆ ፍለጋ ሦስት ቁም ሳጥን ከፈተ። ማሙሽ ከኋላው እየተከተለ ሲያየው ቆየና «እማዬ፣ አባዬን አሞት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ከምሳ በኋላ ሴት ልጁ አጠገብ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። «የምነግረው ነገር አለኝ ብለሽ ነበር።»

«መጀመሪያ ነገር» አለችው እያፈረች፣ «ልበ ደንዳና አላልኩም እኔ።»

«እሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ» አላት። «ልክም ነኝ።»

ከዚያ ቀስ እያለች ጀመረች። ትምህርት ቤት የቅርብ ጓደኛዋ ድንገት ዘግታታለች። ምን እንዳጠፋች አታውቅም። ባለፈው ማክሰኞ ምሳዋን ለብቻዋ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጣ በላች።

«ተመልከቺ ልጄ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ሦስት ነጥቦች…»

«አባዬ፣ ስብከት አይደለም።»

አፉን ዘጋ። ለእሱ ይህ ጾም እንደመጾም ነው፤ ግን ቻለው።

ወሬዋን ብዙ ሳትገፋ በሩ ተንኳኳ። ከውጭ «ፓስተር አሉ? የመልአኩ ክንፍ ተገነጠለ!» የሚል ድምፅ መጣ። ፓስተሩ ሳያስበው ከመቀመጫው ብድግ አለ። የልጁን ፊት አየና ተመልሶ ተቀመጠ።

እሷ ግን ተነሳች። ሄዳ በሩን ገርበብ አደረገችና «ፓስተር የለም» አለቻቸው። «አባቴ ነው ያለው። ከእኔ ጋር እያወራ ነው።»

በሩን ዘግታ መጣችና እግሯን ሶፋው ላይ አጥፋ ተቀመጠች። «የቱ ላይ ነበርኩ?»

«ማክሰኞ» አላት አባቷ፤ «ደረጃው ላይ፣ ብቻሽን።»