ደሟ ከባድ ሲል ወረቀቱ ቀላል አለ

የሒሳብ አስተማሪዋን ማሳከክ የጀመራት ገና ጡት ሳትጥል ነው። እናቷ እጆቿን በጨርቅ ጠቅልላ ታስተኛት ነበር አሉ። ይኸው አርባ አራት ዓመት ሆኗት ዛሬም የክንዷ መታጠፊያ፣ አንገቷና የጉልበቷ ጀርባ ፋታ አይሰጧትም። ሲጀምራት በማስመሪያ ትፎክታለች፤ ሲብስባት በጥፍሯ ትቦጭቃለች። ሸሚዟ ቁስሉ ላይ ይደርቅና ስታወልቀው ቆዳዋን ይዞ ይመጣል። እንዲያም ሆኖ በሃያ ዓመት ውስጥ ከክፍል የቀረችባቸው ቀናት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ተማሪዎቿ «መጋዝ» ይሏታል፤ ምላሷ ስለሚቆርጥ።

ነገሩ የከረረው አንዲት ወላጅ «ልጄን በሽታ ታስይዝብኛለች» ብላ ስታመለክት ነው። ርዕሰ መምህሩ አስጠራትና ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ፣ «ለጊዜው ቤተ መጻሕፍት ብትሆኚልኝስ?» አላት።

«አይተላለፍም። ስንቴ ልንገርህ?»

«እኔማ አውቃለሁ። የሐኪም ወረቀት አምጪልኝና አፋቸውን ላዘጋ።»

እስከዚያው ቤተ መጻሕፍት ተመደበች። ወረቀቱ ለሌላም ያስፈልጋት ነበር። ለዚህ ሕመም የወጣውን አዲስ መርፌ የጤና መድኅን የሚሸፍነው ሕመሙ «ከባድ» ተብሎ ሲጻፍ ብቻ ነው። የቆዳ ሐኪሙ ግን በየሦስት ወሩ ክንዷን ገልበጥ አድርጎ ያይና፣ «መቅላት የለውም፤ ቀላል» ብሎ ይጽፋል።

«ዶክተር፣ እኔ ጥቁር ነኝ። በምኔ ልቅላልዎት?»

ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ቀጣዩን ታካሚ አስጠራ። ያ ፈገግታ ከቁስሉ ይልቅ አንገበገባት።

ሐኪሙ በሚሠራበት ሆስፒታል አንድ ጥናት ነበር። ቆዳ ሲቆጣ ደም ውስጥ የሚበዙ ነገሮችን እየለኩ የሕመሙን ክብደት ከደም ማወቅ ይቻል እንደሆነ ይፈትሻሉ። እሷም ፈርማ ገብታ አምስት ጊዜ ደም ሰጥታለች። ውጤቱን ግን የነገራት የለም።

ለስድስተኛው ጊዜ ስትሄድ ደም ቀጂዋ ልጅ ክንዷን በጎማ አስራ፣ ኮምፒውተሩን አየት አደረገችና፣ «ውይ እናቴ፣ የእርስዎ እኮ ሁሌም ከፍ እንዳለ ነው!» አለች።

«ምኑ ነው ከፍ ያለው?»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች። አስተማሪዋ ጎማውን ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ደሙ የኔ ነው። ውጤቱን ሳላይ አንዲት ጠብታ አትወጣም።»

የጥናቱ ኃላፊ ተጠርታ መጣች። «ለምርምር ነው እንጂ ለሕክምና አይደለም። መለኪያው ገና ስላልተረጋገጠ ቁጥሩ እንዳያሳስትዎት ብለን ነው።»

«እኔን ነው ቁጥር የሚያሳስተኝ?»

አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቁ አንድ አዛውንት በያጅ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ። ቅልጥማቸው እንደ ዛፍ ቅርፊት ሻክሯል። «እኔንም ቀላል ነው ብለውኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳክ አድራለሁ» አሉና ሱሪያቸውን መልሰው ከጎኗ ቆሙ። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ተነሡ። ኃላፊዋ ግራ ገባት፤ በመጨረሻ ወረቀቱን አምጥታ ዘረጋችላት።

ወረቀቱ ላይ የእሷ አምስት ነጥቦች አሉ። ሁሉም የተቀመጡት ሐኪሞች «ከባድ» ካሏቸው ሰዎች ነጥቦች መካከል ነው። ከእያንዳንዳቸው ጎን ግን ከሐኪሙ መዝገብ የተገለበጠ «ቀላል» የሚል ቃል አለ።

ደሟ ፈላ። «አንድ ዓመት ሙሉ ይህን እያያችሁ? እኔን ከክፍል ሲያስወጡኝ ይኼ መሳቢያ ውስጥ ነበር?»

«አንድ ቁጥር ብቻውን አይፈርድም» አለች ኃላፊዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አልፈረደም፤ ጠይቁ ነው ያለው። ማን ጠየቀ?»

ወረቀቱን ይዛ፣ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ሐኪሙ ክፍል ገባች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ልብሷን አስወልቆ መረመራት፤ በዓይኑ ብቻ ሳይሆን በጣቱም የቆዳዋን ውፍረትና የጥፍር ሰንበሩን ፈተሸ፤ ስለ እንቅልፏም ጠየቀ። ሃያ ደቂቃ ፈጀበት። ከዚያ «ከባድ» ብሎ ጻፈ፤ እንደማይተላለፍም ጨመረበት።

«የበፊቶቹንስ አያርሙልኝም?»

«ያለፈው አልፏል፤ መምህርት።»

«ለእርስዎ ነዋ ያለፈው!»

በማግስቱ ከበያጁ ጋር ሆና ለሆስፒታሉ የምርምር ተቆጣጣሪ ኮሚቴ ሁለት ገጽ አቤቱታ አስገባች። ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ፦ ከእንግዲህ ደሙና ሐኪሙ ካልተስማሙ ሐኪሙ እንዲያውቀውና በሽተኛውን እንደገና እንዲመረምር ተወሰነ። የእሷ አምስት «ቀላሎች» ግን ሳይታረሙ ቀሩ።

መርፌው ሠራላት። ክንዷ ለሰለሰ፤ እንቅልፍም ወሰዳት። ክፍሏን ግን ለሌላ አስተማሪ ሰጥተውባት ዓመቱን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ጨረሰችው። ይቅርታ ያላት አንድም ሰው የለም። በአዲሱ ዓመት ወደ ክፍሏ ስትመለስ ርዕሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ አገኛት።

«ተመስገን፣ ዳንሽ! በይ እንግዲህ ቂሙን ተይው።»

«ያከሙልኝ ቆዳዬን ነው» አለችና ደብተሮቿን ታቅፋ አልፋው ሄደች።