ቧንቧው ሲያስል

«ይፈንዳ እንግዲህ» አለ አባቴ፣ የፈታውን ጎማ በእግሩ እየገፋ። «ሲፈነዳ ትመለሳላችሁ።»

«አባዬ፣ ጉመር ሌሊት ውርጭ ነው። ውሃው ቧንቧው ውስጥ ከረጋ ይሰነጥቀዋል። በኮምፕሬሰርህ ንፋልን፣ ሌላ አልጠየቅንህም» አለች ታላቅ እህቴ።

«ያስተማርኩሽ ጎማ ላይ በቆመ ቤት ልታድሪ ነው?»

«አንተስ ያሳደግከን በጎማ አይደል?»

አሁን ወልቂጤ በተከራየኋት ክፍል ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧው መጀመሪያ ያስላል። ባልዲ መደቀኑን ትቼ ቆሜ እሰማዋለሁ። አባቴ ካረፈ ወዲህ ደግሞ ሳሉ እንዲረዝም እፈልጋለሁ።

ያኔ ቡታጅራ፣ የአባቴ ጎሚስታ በር ላይ የቆመው ነጭ ተጎታች ቤት፣ እህቴና ባልደረቦቿ ለዓይን ሕክምና ጉመር ሲወጡ የሚያድሩበት ነበር። ነርስ ናት። እኔ ትምህርት ጨርሼ እቤት ተቀምጬ ነበር፤ መኪና ባለፈ ቁጥር ለመሄድ እግሬን ይበላኝ ነበር።

እቤታችን ማንም ሳይጸለይለት መንገድ አይወጣም። ያን ጊዜ ግን አባቴ «ልቤ ያልሸኘውን አፌ አይሸኝም» ብሎ እምቢ አለ። እህቴ የምትለምነው ስለ ቧንቧው ብቻ እንዳልነበር ሦስታችንም እናውቅ ነበር።

አባቴ ጎማውን ትቶ ኮምፕሬሰሩን አስነሳ። ከተጎታቹ ሆድ ሥር ያለውን መክፈቻ ሲፈታው ውሃው ወደ አስፋልቱ ወረደ፤ የረጠበ አቧራና የጎማ ሽታ አንድ ላይ ተነሣ። ጎማ የሚሞላበትን ቱቦ አስገብቶ አየሩን ቆጠብ እያደረገ ለቀቀው። «ይሄ ጎማ አይደለም፣ ቀስ» ይላል ለራሱ። እኛ ውስጥ ሆነን ቧንቧዎቹን በየተራ ከፈትን። እያንዳንዱ አሳለ፣ ተፋ፣ በመጨረሻ መተንፈስ ብቻ ቀረው።

«ደረቀ?» አለ ከውጭ።

«ገና ነው» አለች እህቴ።

ደርቆ ነበር። አየኋት፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እንዲሄዱ የቸኮልኩት እኔ ነበርኩ፣ የማልሄደው።

አባቴ ገባ። ከማጠቢያው ሥር ያለውን ቆልማማ ቱቦ ፈትቶ የተረፈውን ውሃ በጣሳ ተቀበለው፣ መልሶም አጠበቀው።

«ውርጩ እስኪያልፍ በጀሪካን ተጠቀሙ» አለ።

እህቴ አንገቷን ደፋች። እኔም ዓይኔን ጨፈንኩ። ምንም ስላልሰማሁ ገለጥኩት። መዳፉ በግራሶ ጥቁር ነበርና የእጁን ጀርባ አናቷ ላይ አሳርፏል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ውጭ ኮምፕሬሰሩ እየጮኸ ስለነበር ያለውን አልሰማሁም፤ እሷም ሰምታ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ከዚያ ወጣ። በሩን ዘጋው፣ ብርድ እንዳያስገባ ከውጭ ጎተት አድርጎ ሞከረው። እኔም ውስጥ መሆኔን ረስቶ ነበር።