የእናት ምላስ

በዓይን ክሊኒኩ ተራ የሚጠብቁት ሴትዮ ቶሎ ቶሎ እየተነሱ ጥግ ካለው ቧንቧ አፋቸውን ይጉመጠመጣሉ።

«ያምዎታል እንዴ፣ እናቴ?» አለች ነርሷ።

«መረረኝ፣ ልጄ።»

አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው አንድ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል። ቅድም መጀመሪያ ያያት ሐኪም፣ «ዓይንሽ ውስጥ የምታደርጊውን ሌንስ ከማጠቢያው ፈሳሽ ሌላ ነገር ነክቶት ያውቃል?» ሲላት፣ «ኧረ በጭራሽ!» አለች። እውነቷን ነው፣ አታውቅም። እናት ግን ምላሳቸው ተሳሰረ። ክፍሏን ሲያጸዱ የሌንሱን ማስቀመጫ ደፍተውት ሌንሱ ወለል ላይ ወድቆ ነበር። በልጅነቷ ዓይኗ ውስጥ ጉድፍ ሲገባ በምላሳቸው ያወጡላት እንደነበረው፣ ሌንሱንም ልሰው አጸዱና ቦታው መለሱት።

ልጅቱ ትከሻቸው ላይ ዘንበል አለች። «እማዬ፣ ሐኪሙን ተይውና እንደ ድሮው በምላስሽ አውጪልኝ» ብላ በሕመሟ መሃል ሳቀች።

ሴትዮዋ ተነስተው ወደ ቧንቧው ሄዱ።