የዶማው መንጋጋ

ዶማው ይሉታል። ስም አለው፤ ግን አርባ ዓመት ሙሉ የጥንት ፍርስራሽ ሲቆፍር የኖረን ሰው ማን በስሙ ይጠራዋል? ቁፋሮ ጥርሱን የነቀለበት ሥራ ነው። ብረቱ መሬት ሲነካ ድንጋይ ይሁን ሸክላ በድምፁ ይለያል። እኔም እለያለሁ፤ እንዲያውም ከሱ እሻል ነበር፣ ወገቤ ነው ያስቀረኝ። ይሁን።

አንድ ክፉ አመል አለው፤ እንግዳ አይወድም። ግድግዳ የሚጋራውን ግንበኛ፣ ከተራራው ማዶ መጥቶ እዚሁ ያረጀውን ሰውዬ፣ ዛሬም "መጤው" ነው የሚለው።

እና አምና አንድ የጥንት መቃብር ከፈቱ። አፅሙ የነሐስ ቀበቶ ታጥቋል። እንዲህ ያለ ቀበቶ ዶማው እዚያው ሰፈር ስንቴ አውጥቷል። "ይሄማ የወንዜ ልጅ ነው" አለ።

የጥንት ሰው ማንነት የምታጠናው ዶክተር ሳቀች። "ጋሼ፣ ቀበቶውማ ከማን ጋር እንደኖረ ነው የሚነግረን። የት እንዳደገ የሚያውቀው ጥርሱ ነው። ጥርስ በሕፃንነቱ የጠጣውን ውሃ አይረሳም። ለማስተያያ እዚሁ የተወለዱ ሰዎች ጥርስ እየሰበሰብኩ ነው።"

"ከኔ ወዲያ የማንን ልትሰበስቢ?" ብሎ፣ ያስነቀላትን መንጋጋ በክብሪት ቀፎ አመጣላት። ሰው ጥርሱን ምን ብሎ ያስቀምጣል አትበሉ፤ እኔ ሦስት አሉኝ።

ከወራት በኋላ ውጤቱ መጣ። ዶክተሯ ወረቀቱን ሁለቴ አገላበጠችው።

"ጋሼ፣ የሌሎቹ ሁሉ የዚህ ውሃ ነው። የእርስዎና የሟቹ ግን የተራራው ማዶ ነው።"

ዶማው አካፋውን መሬት ላይ ጣለ።

በቀጥታ ታላቅ እህቱ ቤት ሄደ። ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

"እትዬ፣ የት ነው የተወለድኩት?"

እጇ ቆመ። "ማን ነገረህ?"

"ጥርሴ።"

ቁጭ አለች። "አራት ዓመት አይሞላህም ነበር። እናትህ ስትሞት እማዬ ከማዶ አዝላ አመጣችህ። 'የጠየቀሽ ካለ ከሆዴ ነው የወጣው በይ' አለችኝ። ይኸው እስከ ዛሬ ስል ኖርኩ። ምን አጎደልኩብህ?"

"ምንም" አለ። ግንባሯን ስሞ ወጣ።

ሰፈሩ ሲደርስ ግንበኛው ደጃፉ ላይ የጫማውን አሸዋ ያራግፋል። ዶማው ፊት ለፊቱ ተገተረ።

"ምነው፣ ዛሬ መጤው አትለኝም?"

ዶማው ምላሱን መንጋጋው በነበረበት ጎድጓዳ ላይ አዞረ።

"እንደው…" አለ፣ "የናንተ ወንዝ ውሃ ጣዕሙ ምን ምን ይላል?"