ያልታየው ቅርብ ጎን

እታለም ሰው ስታይ መጀመሪያ የምታየው ጭንቅላቱን ነው። ታላቅ እህቴ ናት፤ አባታችን ከሞተ ጀምሮ አብረን እንኖራለን። ጠዋት ሻይ ስንጠጣ ዓይኗ ከግንባሬ ተነሥቶ ወደ ማጅራቴ ሲዞር ይታወቀኛል።

«ምን ትለኪኛለሽ?» እላታለሁ።

«ለምዶብኝ ነው፤ ጠጪ።»

ለምዶባት አይደለም። ዓሥራ ስድስት ዓመት አልትራሳውንድ ስትሠራ ከሥራ ወደ ቤት ይዛ የምትመጣው እጅጌዋ ላይ የደረቀ ጄል ብቻ ነበር። እንዲህ የሆነችው ከጥናቱ በኋላ ነው። እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም፤ ከነገረችኝ የገባኝን ያህል ልጻፈው።

ሆስፒታሉ የፅንስ አንጎል እንዴት እንደሚያድግ ማጥናት ጀመረ። ነፍሰ ጡሮች በየአራት ሳምንቱ፣ በጠቅላላው አምስት ጊዜ ይመጣሉ። እታለም በእጇ የያዘችውን የማሽኑን መሣሪያ ሆዳቸው ላይ እያንሸራተተች የፅንሱን ጭንቅላት ዙሪያና በአንጎሉ ውስጥ ያሉትን ውኃ የቋጠሩ ክፍተቶች ትለካለች። መጀመሪያ ልሙጥ የነበረው አንጎል ሳምንት በሳምንት ሲጨማደድ ታያለች። ሁሉንም ሦስት ሦስት ጊዜ ነው የምትለካው። የመጀመሪያው ልክ ሁለተኛውን እንዳያባብለው ቁጥሩ የሚወጣበት የስክሪኑ ጥግ በነጭ ፕላስተር ተሸፍኗል። ቁጥሩ በቀጥታ ወደ ጥናቱ ክፍል ይሄዳል እንጂ እሷ አታየውም።

ሴቶቹ «ዳኛዋ» ይሏት ነበር፤ ፊቷ ላይ ፍርዱ አይነበብማ። ከእነሱ አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፤ አፏ የማያርፍ።

«ስንት ሆነ?» አለቻት ገና በመጀመሪያው ቀጠሮ።

«እኔም አላየሁት።»

«ኧረ በፈጠረሽ! እኔ ለአንድ ጉርድ ቀሚስ እንኳ ቁጥሩን አይቼ ነው የምቆርጠው። አንቺ የሰው አናት እየለካሽ አታዪም?»

«እዚህ ደንቡ እንደዚያ ነው።»

«እንግዲህ ሲጠብ አታልቅሺ።»

እታለም ያን ቀን ቤት ገብታ ይህን ስትነግረኝ እንባዋ እስኪመጣ ሣቀች።

አሁን አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ፅንሱ በጎኑ ሲተኛ ከጭንቅላቱ ግማሽ አንዱ ለመሣሪያው ይቀርባል፣ አንዱ ይርቃል። በስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ የሚታየው የራቀው ነው። የቀረበውን ግማሽ፣ መሣሪያው የሚልከው ድምፅ ከአጥንቱ ጋር ስለሚላተም፣ ጭጋግ ይሸፍነዋል። ስለዚህ የሚለካው የራቀው ጎን ነው። ቅርቡን ግን ቢያንስ በዓይን ማየት ግዴታ ነው። ካልታየ እናትየዋ ተነሥታ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ በሌላ ጎኗ ትተኛለች፣ ፅንሱ እስኪዞር ይጠበቃል። አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ከዚያ ፎርሙ ላይ ከሁለት ሳጥኖች በአንዱ ምልክት ይደረጋል፤ «ታይቷል» ወይም «አልታየም»።

የልብስ ሰፊዋ አራተኛ ቀጠሮ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር። ውጭ አግዳሚው ላይ ሰባት ሴቶች ይጠብቃሉ። ልብስ ሰፊዋ ገና ጄሉ ሳይቀባ «ፍጠኚልኝ» ማለት ጀመረች። የተማሪዎች ዩኒፎርም ነበረባት፤ ነገ ሊወስዱት ነው። ራቅ ያለው ጎን እንደ መስታወት ጠርቶ ወጣ። ቅርቡ ጭጋግ ነበር።

እታለም ሁለቱ ጎኖች ተለያይተው አይታ የምታውቀው ከስንት አንዴ ነው። «ታይቷል» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። አንዲት ጭረት ናት። ልብስ ሰፊዋ ሆዷን እየጠረገች ወጣች፤ ለአምስተኛው ቀጠሮ አልመጣችም። ስልኳም ዝግ ሆነ።

ከዓመት በላይ አለፈ። ጥናቱን የሚመሩት ዶክተር ባለሙያዎቹ የቆዩ ፎቶዎቻቸውን ደግመው እንዲያዩ አዘዙ። ፎቶዎቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። መቶ ዓሥራ ስምንት ላይ ስትደርስ እታለም ጭጋጉ ውስጥ አንድ ጥቁር ነገር አየች፤ እንደተቆረጠ ጥፍር የታጠፈ። ጥላ ይሁን ከልኩ የሰፋ ክፍተት መለየት አይቻልም። ቀኑን አየች፤ ዓርብ። ማን እንደሆነች ማንም ሳይነግራት አወቀች።

ከዚያ ወዲህ ያ የታጠፈ ቅርጽ ቤታችን ገባ። ጣሪያው ላይ ውኃ ያፈሰሰበት ቦታ ላይ አሳየችኝ። ጥፍሬን ቆርጬ ስተወው ትደነግጣለች። መንገድ ላይ ሕፃን ካዘሉ ሴቶች ኋላ ቆማ ትቀራለች። አንድ ጠዋት መታጠቢያ ቤት ስገባ በእንፋሎት የደበዘዘውን መስታወት በመዳፏ ትወለውላለች፤ አንዱን ወገን ብቻ። የምትጠርገው ተመልሶ ይደበዝዛል።

«እታለም፣ ምን ሆንሽ?»

«ከኋላው የሆነ ነገር አለ» አለች። ያን ቀን ነው ሁሉንም የነገረችኝ።

«ለዶክተሯ ንገሪያቸዋ!»

«ነግሬስ? አንዷ ላይ ከዋሸሽ ሌሎቹስ ይሉኛል። የሦስት መቶ ሴት ልክ ነው የሚጣለው።»

አምስት ወር ዝም አለች። እኔም አብሬያት ዝም አልኩ፤ ይኼ የእኔ ድርሻ ነው። በኋላ ግን አንድ ሐሳብ አላስቀምጥ አላት። የሕፃን አናት ላይ ያለችው ለስላሳ ቦታ እስክትገጥም ድረስ በእሷ በኩል አንጎሉን በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል። ልጁ ከተገኘ ጭጋጉን ማለፍ ይቻላል ማለት ነው። ጣቷን አጣጥፋ ወራቱን ቆጠረች። ልጁ አሁን ዓመት ከአምስት ወር ይሆነዋል። አንዳንዱ እስከዚያ አይገጥምም።

ፎርሙ ላይ ባለው አድራሻ ስንሄድ አከራይዋ «ለቀቀች» ብለው በሩን ዘጉብን። ክር የማትገዛ ልብስ ሰፊ የለችም ብዬ ክርና አዝራር ሻጮችን እንጠይቅ አልኩ። ሦስተኛው ሱቅ «ለፍላፊዋን ነው?» ብሎ በጣቱ ጠቆመን።

«ዳኛዋ!» አለች ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ። «ቀጠሮ አሳለፍሽ ብለሽ ልትፈርጂብኝ መጣሽ? ስልኬ ጠፋ፣ እናቴ ዘንድ ሄጄ ወለድኩ፤ ይኸው ነው ጥፋቴ። ልጄን እያት!»

ልጅቱ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ባዶ የክር ማጠንጠኛ ትደረድራለች። በግራዋ አንሥታ በግራዋ ታስቀምጣለች። ቀኟ ደረቷ ላይ ተጣብቋል፤ አውራ ጣቷ በጭብጧ ውስጥ ነው።

«ግራኝ ናት» አለች እናቷ በኩራት። «ከስድስት ወሯ ጀምሮ በዚያኛው ነክታ አታውቅም። አባቷ የግራ መቀስ ካልገዛሁላት ይላል።»

እታለም ተንበረከከች። በዚያ ዕድሜ ልጅ እጅ እንደማይመርጥ፣ አንዱን ከተወ አንጎሉ ስላላዘዘው እንደሆነ ታውቃለች። የጣቷን ጫፍ የልጅቱ አናት ላይ አሳረፈች። አጥንት ነው። ገጥሟል። ጣቷን ሳታነሣ ቆየች።

«አተኮሳት እንዴ?»

«ያን ዓርብ አላየሁም» አለች እታለም። «አየሁ ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«ምኑን?»

«ለእኔ የቀረበውን ጎን።»

ሁሉንም ነገረቻት፤ ጭጋጉን፣ ጭረቷን፣ ዝም ያለችባቸውን ወራት። ልብስ ሰፊዋ ከመኪናዋ ተነሥታ የልጅቱን ቀኝ እጅ ያዘች። ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። አንድ በአንድ ተመልሰው ተጨበጡ።

«ዩኒፎርሙን ቅዳሜ አልወሰዱትም» አለች ቀስ ብላ። «ሰኞ ነው የመጡት። ሂጂና ኮሪደሩ ላይ ዙሪ ብትዪኝ እዞር ነበር።»

በማግሥቱ እታለም ለዶክተሯ ተናገረች። የሦስት መቶውን ሴቶች ፎቶ ሌላ ሰው እንዲያየው ተደረገ፤ እሷም ከጥናቱ ወጥታ ወደ ድሮ ክፍሏ ተመለሰች። ዶክተሯ አልጮኹባትም። «የተጎዳውን አትመልሺውም ነበር» ነው ያሏት። «እጇን ግን ከተወለደች ጀምሮ ማሠራት ይቻል ነበር። የወሰድሽባት ያን ጊዜዋን ነው።» እታለም ይህን ነገር ቤት ውስጥ ለብቻዋ ስትደግመው እሰማታለሁ።

ልጅቱ ፊዚዮቴራፒ ጀመረች። ደካማው እጅ እንዲሠራ ደኅናው በጓንት ይሸፈናል። ጓንቱን እናቷ ከዩኒፎርም ቁራጭ ሰፋችው። እታለም በየማክሰኞው ከሥራዋ ወጥታ አግዳሚው ላይ ከጎናቸው ትቀመጣለች። ልብስ ሰፊዋ አታባርራትም፤ አታናግራትምም። «ዳኛዋ» ማለቱ ቀርቷል።

ባለፈው ማክሰኞ እኔም ነበርኩ። ጓንቱ ጠቧት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከቦርሳዋ ሜትሯን አውጥታ ለእታለም ሰጠቻት።

«ለኪልኝ። ቁጥሩን ጮክ ብለሽ ንገሪኝ።»

እታለም የልጅቱን ግራ መዳፍ ዙሪያ ለካች። ተናገረች። ሳትጠየቅ ሁለተኛ ለካች፣ ሦስተኛ ለካች፤ ሦስቱንም ጊዜ ተናገረች።

«ሌላውንም» አለች ልብስ ሰፊዋ።

እታለም ጭብጡን በቀስታ ፈትታ ሜትሩን አዞረችበት። ቁጥሩ ከፊተኛው ያንስ ነበር። ድምጿን ሳትቀንስ ተናገረችው።