ጾመኛዋ ከበሮ

እማዋይሽ ከበሮ ስትመታ ድንበር ማዶ ቡቲዬ መንደር ያለ ፍየል ሁሉ ጆሮውን ይቀስራል ይባልላታል። ባሏ ባየህ ቤተ እስራኤል ነው። ከጎንደር ተሰደው ሞያሌ ሲገቡ እሱ ሰንበቱን፣ እሷ ከበሮዋን ይዘው ገቡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቱ ውስጥ ከበሮ እንዳይነካ የከለከለው እሱ ነው።

ዘንድሮም የእሱ ፋሲካ በእሷ ሁዳዴ ላይ ዋለ። ባየህ ከበሮዋን ከተሰቀለችበት ሊያወርድ ሲንጠራራ፣

«እጅህን ሰብስብ!» አለችው። «በሁዳዴ ከበሮ አይመታም። ቅዳሜ ያንተን ሰንበት ታከብርልሃለች፤ አሁን ደግሞ የእኔን ጾም ትጹም።»

ባየህ ከበሮዋን ትቶ ባዶ ጀሪካን ደፍቶ እየደበደበ የአባቶቹን የበዓል ዜማ ጀመረ። ድምፁስ ደህና ነበር፤ ምቱ ግን ያነክሳል። እማዋይሽ ጓዳ ሹሮ እያማሰለች ቻለች፣ ቻለች፣ መቻል አቃታት። የድስቱን ክዳን አንስታ በማማሰያው ትክክለኛውን ምት አሰማችው። ባየህ ተከተላት፤ ቤቱም ሞቀ።

ዜማው ሲያልቅ ጓዳ ብቅ ብሎ፣ «እንግዲህ ጾምሽ ፈረሰ!» አላት እየሳቀ።

«የፈረሰውስ ያንተ ምት ነበር» አለች ክዳኑን ሳታስቀምጥ። «ይልቅ ሹሮው ሳያር ሁለተኛውን ጀምር።»